ፉትቦል ማናጀር ለጀማሪ፦ የመጀመሪያውን ሲዝን በሦስት ሥራ ብቻ መጨረስ

የእግር ኳስ ክለብ አሰልጣኝ ሆነን የምንጫወተውን የኮምፒውተር ጌም፣ ፉትቦል ማናጀርን፣ ጭነው በሁለተኛው ቀን የሚያጠፉት ብዙ ናቸው፤ ኳስ ስለማይገባቸው ግን አይደለም። ክለቡን እንደተረከቡ ኢንቦክሱ በመልእክት ይሞላል፦ የሕክምና ክፍሉ ሪፖርት፣ የስካውቶች (ተጫዋች መልማዮች) ምደባ፣ የወጣት ቡድኑ ጉዳይ፣ የጋዜጠኞች ጥሪ፣ የወዳጅነት ጨዋታዎች መርሐ ግብር። አንዱም ለብቻው ከባድ አይደለም። የሚከብደው ሁሉም በአንድ ቀን መምጣታቸው ነው። የትኛው ዛሬውኑ መልስ እንደሚፈልግ፣ የትኛው ሳምንት ቢቆይ ምንም እንደማይሆን ጀማሪው ሊለይ አይችልም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሲዝን ሦስት ሥራ ብቻ ያዙ፦ ቋሚ 11 መምረጥ፣ አንድ ታክቲክ ይዞ መቆየት፣ በጨዋታ ቀን ቅያሪና ማስተካከያ መወሰን። ሌላውን በሙሉ ክለቡ ደመወዝ ለሚከፍላቸው ባለሙያዎች አስረክቡ፤ ሲዝኑ እየገፋ ሲሄድ አንድ በአንድ ትረከቧቸዋላችሁ። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚያዩ አሉ፤ አይደለም። በእውነተኛው ኳስም የዋናው ቡድን አሰልጣኝ የታዳጊዎቹን ልምምድ ራሱ አይመራም።

እዚህ ያሉት የገጽና የቁልፍ ስሞች እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ከወጣው የ2024 እትም የተወሰዱ ናቸው። የ2025ቱ ሳይወጣ ተሰርዟል። በ2026ቱ እትም ኢንቦክሱ ፖርታል በሚባል ገጽ ተተክቷል፤ አሰላለፉም ኳስ ስንይዝና ኳስ ስናጣ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። እሱን የምትጫወቱ ከሆነ ቁልፎቹን ሌላ ቦታ ታገኟቸዋላችሁ እንጂ የሥራው ቅደም ተከተል አይለወጥም።

ደረጃ 1፦ ጌሙን ስትፈጥሩ

አዲስ ካሪየር ስትጀምሩ ፈጣኑን መንገድ ትታችሁ «አድቫንስድ ሴትአፕ» የሚለውን ክፈቱ። እዚህ የምታጠፉት አሥር ደቂቃ ኋላ የሚመጣውን ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ሊግ ስትመርጡ አንድ አገር ብቻ፣ ከአገሩም የላይኞቹን ሁለት ዲቪዚዮኖች ብቻ ያዙ። ዳታቤዙን «ስሞል» ወይም «ሚዲየም» አድርጉት። ጌሙ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ራም 4 ጊጋባይት ነው፤ በዚያ መጠን ላይ ስምንት አገር ከጫናችሁ ጊዜውን ወደፊት የሚያስኬደውን «ኮንቲኒዩ»ን ተጭናችሁ ቀኑ እስኪያልፍ ቡና ይፈላል። ምክንያቱም ጌሙ የእናንተን ጨዋታ ብቻ ሳይሆን በመረጣችኋቸው ሊጎች ሁሉ የሚደረገውን እያንዳንዱን ጨዋታ ያሰላል። በዚያው ገጽ ላይ የፍጥነት ግምት በኮከብ ይታያል። ሊግ በጨመራችሁ ቁጥር ኮከቡ ሲቀንስ ታያላችሁ፤ ከሦስት በታች እንዳይወርድ ጠብቁት።

ከዚያ ሁለት ምርጫዎችን አስተካክሉ።

የመጀመሪያው የተጫዋቾችን ችሎታ የሚሸፍነውን መጋረጃ ማንሳት ነው፤ «ዲሴብል ፕሌየር አትሪቢዩት ማስኪንግ» ይላል። ካልነካችሁት በደንብ ያላያችሁት ተጫዋች ቁጥሩ በግምት ይመጣል፤ ፍጥነቱ «ከ9 እስከ 14» ተብሎ ይጻፋል፣ ወይም ጨርሶ ባዶ ይሆናል። ስካውት ልካችሁ እስክታጣሩ ድረስ እንደዚያው ይቆያል። መጋረጃው ሲነሳ የሁሉም ሰው ቁጥር በግልጽ ይታያል፣ ስካውቲንግ የሚባለው ትልቅ ሥራም ለጊዜው ከትከሻችሁ ይወርዳል። ለሁለተኛው ካሪየራችሁ መልሱት፤ ያለ እሱ ጌሙ ግማሽ ጣዕሙን ያጣል።

ሁለተኛው በመጀመሪያው የዝውውር መስኮት ዝውውር እንዳይኖር ማድረግ ነው። ይህን የምንመክረው በሁለት ምክንያት ነው። እናንተ የራሳችሁን ተጫዋቾች ሳታውቁ ገንዘብ አትረጩም፤ ሌሎች ክለቦችም ገና ስሙን ያላጠናችሁትን አማካይ በሦስተኛው ቀን መጥተው አይወስዱባችሁም።

ደረጃ 2፦ ክለብ መምረጥ

ጀማሪውን በብዛት የሚጎዳው ስህተት እዚህ ነው። «ከታች ልጀምር፣ ቀላል ይሆናል» ብሎ አራተኛና አምስተኛ ዲቪዚዮን መውረድ። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ትንሽ ክለብ ረዳት አሰልጣኝ ቢኖረው ስፖርቲንግ ዳይሬክተር (የዝውውርና የውል ኃላፊ) የለውም፤ ስካውቱ አንድ ይሆናል፤ ግማሹ ተጫዋች ውሉ በሲዝኑ መጨረሻ ያልቃል። ሥራ የሚረከብላችሁ ሰው ስለሌለ ሁሉም ነገር ወደ እናንተው ይመለሳል።

ትልቁም ክለብ የራሱ ፈተና አለው። ቦርዱ ዋንጫ ወይም ቻምፒየንስ ሊግ ስለሚጠብቅ አራት ተከታታይ ሽንፈት ወንበሩን ይነቀንቀዋል። እኛ የምናስቀድመው በምታውቁት ሊግ የላይኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ከአምስተኛ እስከ አሥረኛ የሚጠበቅ ክለብን ነው። ባለሙያው የተሟላ ነው፣ ተጫዋቹ ጥሩ ነው፣ የሚጠበቅባችሁም መጠነኛ ነው። ልባችሁ አርሰናል ወይም ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ከሆነ ግን እሱኑ ያዙ። ተጫዋቾቹን በስም፣ በቦታና በአጨዋወት አስቀድማችሁ ማወቃችሁ ራሱ ትልቅ እገዛ ነው።

የራሳችሁን ማኅደር ስትሞሉ ትሕትና አያስፈልግም። ያለፈ የተጫዋችነት ደረጃን ከፍተኛውን፣ የአሰልጣኝነት ፈቃድንም «ኮንቲኔንታል ፕሮ» አድርጉ። እነዚህ ሁለቱ ስማችሁን ከፍ ያደርጉታል፤ ስም ያለው አሰልጣኝ ንግግር ሲያደርግ የመልበሻ ክፍሉ ይሰማዋል። ሰፈር ውስጥ ብቻ ተጫውቶ ፈቃድም ሳይኖረው ትልቅ ክለብ የያዘን አሰልጣኝ ግን ኮከቦቹ ይንቁታል፣ ጀማሪውም ምክንያቱ ሳይገባው ሲዝኑ ያልቃል።

ደረጃ 3፦ ሥራውን ማስረከብ

«ስታፍ» ውስጥ ገብታችሁ «ሪስፖንሲቢሊቲስ» የሚለውን ክፈቱ። የክለቡ ሥራ በሙሉ ከፊቱ የኃላፊው ስም ተጽፎ ይደረደራል። እንዲህ አከፋፍሉት፦

ለረዳት አሰልጣኙ፦ የልምምድ መርሐ ግብር፣ የወዳጅነት ጨዋታዎች፣ የተጋጣሚ ተጫዋቾችን የሚመለከቱ ትእዛዞች፣ ጋዜጣዊ መግለጫ፣ የመልበሻ ክፍል ንግግር፣ የቡድን ስብሰባ።

ለስፖርቲንግ ዳይሬክተሩ፦ የዋናው ቡድንና የወጣቶች ውል፣ የባለሙያ ቅጥር፣ የማይፈለጉ ተጫዋቾችን ገዢ መፈለግ፣ የሚገዙ ተጫዋቾችን ማቅረብ።

ለስካውቶች አለቃ፦ የስካውቲንግ ምደባ በሙሉ።

የቆመ ኳስ አሰልጣኝ ካላችሁ ማዕዘንና ቅጣት ምቱን ለእሱ ስጡት።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ ተመልከቱ። ተጫዋች መፈለግና ማቅረብ ሌላ ነው፣ ግዢውንና ሽያጩን ማጽደቅ ሌላ ነው። የመጨረሻው ማጽደቂያ ሁልጊዜ በእናንተ ስም ይቀመጥ። ይህን መስመር ሳያዩ ሁሉንም ለዳይሬክተሩ የሰጡ ሰዎች አንድ ቀን ጠዋት ጌሙን ከፍተው ምርጥ አጥቂያቸው መሸጡን ከመልእክት ይረዳሉ። ዳይሬክተሩ አላጠፋም፤ የተሰጠውን ሥልጣን ነው የተጠቀመበት።

መልእክቶችንም እንዲህ ያዟቸው፦ መልስ ካልሰጣችሁ በቀር «ኮንቲኒዩ»ን የሚከለክል መልእክት ካለ እሱን አንብቡ። ሌላውን ርዕሱን ብቻ አይታችሁ እለፉ። ጉዳትን፣ ቅጣትን እና የተጫዋች ቅሬታን የሚናገሩት ግን ሙሉ ይነበቡ።

ደረጃ 4፦ አንድ ታክቲክ

«ታክቲክስ» ውስጥ ዝግጁ የአጨዋወት ዓይነቶች አሉ። ከእነሱ ኳስ ይዞ መቆየት ላይ የቆመውን «ኮንትሮል ፖዜሽን»ን ምረጡና አሰላለፉን 4-2-3-1 አድርጉ። ሁለት ዓይነት 4-2-3-1 ታገኛላችሁ፤ ሁለቱ አማካዮች ከተከላካዩ ፊት ዝቅ ብለው የተቀመጡበትን ያዙ። መሀሉ ሲሰበር ሁለት ሰው ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ብዙ ሰው ለጀማሪ ኳስ እንደተነጠቀ ወዲያው ተጭኖ መልሶ መንጠቅን፣ «ጌገንፕረስ»ን ይመክራል። ኃይለኛ መሆኑ አይካድም፤ ሂሳቡ ግን በኋላ ይመጣል። 90 ደቂቃ እየተሯሯጡ መጫን ብርታትና የሥራ ፍላጎት ከፍ ያለባቸው ተጫዋቾችን ይጠይቃል፣ ከዚያም በላይ እኩያ ተቀያሪዎችን። በሳምንት ሁለት ጨዋታ በሚደረግበት በዲሴምበር ወር የተጫዋቾቹን ድካም የሚያሳዩት የልብ ምልክቶች ቀይ ይሆናሉ፣ የጡንቻ ጉዳት ይከተላል። በተጨማሪም የተከላካይ መስመሩ ወደ መሀል ሜዳ ስለሚጠጋ የመሀል ተከላካዮቻችሁ ዝግ ካሉ በላያቸው የሚጣል አንድ ረጅም ኳስ ጎል ይሆናል።

አሁን ሚናዎቹ። እያንዳንዱ ሚና መከላከል፣ መደገፍ ወይም ማጥቃት የሚል ተግባር ይያያዝበታል፤ ጀማሪ ቡድኑን የሚያፈርሰውም እዚህ ነው፦ ሁሉንም ማጥቃት ላይ በማድረግ። ከግብ ጠባቂው ውጪ ካሉት 10 ተጫዋቾች ሦስቱ ብቻ፣ ቢበዛ አራቱ ያጥቁ። ይህን መነሻ አድርጉት፦

ሁለቱ የመሀል ተከላካዮች «ሴንትራል ዲፌንደር»፣ ተግባራቸው መከላከል። የቀኙ የመስመር ተከላካይ «ፉል ባክ»፣ መደገፍ። የግራው «ፉል ባክ»፣ ማጥቃት። ከተከላካዮቹ ፊት አንዱ «ዲፌንሲቭ ሚድፊልደር»፣ መከላከል፤ ሌላው ከኋላ ሆኖ ጨዋታ የሚያቀናብር «ዲፕ ላይንግ ፕሌይሜከር»፣ መደገፍ። በቀኝ ክንፍ «ዊንገር»፣ ማጥቃት። በግራ ክንፍ በቀኝ እግሩ የሚጫወት «ኢንቨርትድ ዊንገር»፣ መደገፍ። ከአጥቂው ኋላ «አታኪንግ ሚድፊልደር»፣ መደገፍ። ፊት «አድቫንስድ ፎርዋርድ»፣ ማጥቃት።

ግራና ቀኙ ለምን ይለያያሉ? የግራው የክንፍ ተጫዋች ወደ ውስጥ ስለሚገባ መስመሩ ይለቀቃል፤ ወደ ላይ የሚሮጠው የግራ ተከላካይ ይሞላዋል። በቀኝ ግን ዊንገሩ መስመሩን ይዞ ስለሚቆይ ከኋላው ያለው ሰው ረጋ ብሎ ይጠብቃል። ሁለቱም የመስመር ተከላካዮች አብረው ከወጡ ኳስ በተነጠቀች ቁጥር ኋላ የሚቀሩት ሁለቱ የመሀል ተከላካዮች ብቻ ናቸው።

በእያንዳንዱ ቦታ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ክብ ተጫዋቹ ለሚናው የሚስማማበትን መጠን ያሳያል። ሙሉ ክብ ጥሩ ነው፤ ግን አታምልኩት። ግማሽ ክብ ኖሮት ቁጥሩ የተሻለ ተጫዋች ብዙ ጊዜ ሙሉ ክብ ካለው ደካማ ይበልጣል።

ከዚህ በኋላ ታክቲኩን አሥር ጨዋታ አትንኩት። ቡድኑ አጨዋወቱን የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው፤ የመልመዱ መጠን በታክቲክ ገጹ ላይ በመስመር ይታያል። በየሳምንቱ አሰላለፍ የሚለውጥ አሰልጣኝ መስመሩን በየሳምንቱ ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

ደረጃ 5፦ ቁጥሮቹን ማንበብ

አንድ የሜዳ ተጫዋች 36 ችሎታዎች አሉት፤ 14 የቴክኒክ፣ 14 የአእምሮ፣ 8 የአካል። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 20 ይለካል። 36ቱን ማንበብ አይጠበቅባችሁም። በታክቲክ ገጹ ላይ ሚናውን ስትጫኑ ለዚያ ሚና የሚፈለጉት ችሎታዎች ደምቀው ይወጣሉ፤ እነሱን ብቻ ተመልከቱ።

ሁለት ወጥመዶችን ቀረብ ብላችሁ እዩ።

ሁለት አጥቂዎች አሏችሁ እንበል። የመጀመሪያው «ፊኒሺንግ» (ጎል የመጨረስ ችሎታ) 16፣ «ኦፍ ዘ ቦል» (ያለ ኳስ ቦታ መያዝ) 8፣ «አክስለሬሽን» (ቶሎ መፈትለክ) 9። ሁለተኛው «ፊኒሺንግ» 12፣ «ኦፍ ዘ ቦል» 15፣ «አክስለሬሽን» 15። ጀማሪ 16ን አይቶ የመጀመሪያውን ያሰልፋል። ያ ሰው ግን ኳስ የሚመጣበትን ቦታ አስቀድሞ አያይም፣ ቢያይም አይደርስም፤ በጨዋታ አንዴ ቢመታ ነው። ሁለተኛው አምስት ጊዜ ይደርሳል፣ ሦስቱን ይስታል፣ ሁለቱን ያገባል። ወይም ደግሞ የመሀል ተከላካይ ውሰዱ፦ «ሄዲንግ» 16፣ «ጃምፒንግ ሪች» 8። የመጀመሪያው ቁጥር ኳሷን በግንባር ምን ያህል በትክክል እንደሚመታት ይናገራል፣ ሁለተኛው ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሚደርስ። ያልደረሰባትን ኳስ በትክክል ሊመታ አይችልም፤ በማዕዘን ምት ሁሉ ከሱ በላይ ይዘለላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ኮከቦቹ ናቸው። ከተጫዋች ስም አጠገብ የሚታየው ኮከብ የዓለም ደረጃ አይደለም። አሁን በእናንተ ቡድን ካሉት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው የሚል ግምት ነው፣ ያውም የአንድ ባለሙያ ግምት። አንዱ ተጫዋች በደካማ ክለብ አራት ኮከብ፣ በጠንካራ ክለብ ሁለት ኮከብ ሊያገኝ ይችላል። ረዳቱ ሲቀየር ኮከቡም አብሮ ይቀየራል። ለመግዛት ስትወስኑ ቁጥሩን እዩ፤ ኮከቡ ለመጠቆሚያ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ የዝግጅት ጊዜ

ረዳቱ የወዳጅነት ጨዋታዎችን ሲያወጣ አንድ ጊዜ ተመልከቱለት። ከአምስት እስከ ሰባት ጨዋታ ይበቃል፤ አብዛኞቹ ከእናንተ ከሚያንሱ ቡድኖች ጋር ይሁኑ። ማሸነፍ መንፈስ ያነሳል፣ ታክቲኩም ይለመዳል፣ የጨዋታ ብቃትም ይመጣል። ከባርሴሎና ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ገንዘብ ያመጣል፤ 5 ለ 0 ተሸንፎ ሊጉን የሚጀምር ቡድን ግን አንገቱን ደፍቶ ነው የሚገባው። በእነዚህ ጨዋታዎች በየአጋማሹ 11ዱንም እየለወጣችሁ አጫውቱ።

ደረጃ 7፦ የጨዋታ ቀን

የጨዋታውን ማሳያ በመጀመሪያዎቹ አሥር ጨዋታዎች «ኤክስቴንድድ» (ረዘም ያለ ቅንጭብ) ላይ አድርጉት። «ኪይ» ጎሎቹንና ለጎል የቀረቡትን ብቻ ስለሚያሳይ ጎሉ ከየት እንደመጣ አያስተምርም፤ «ፉል ማች» ደግሞ ጀማሪውን ያደክመዋል።

ከጨዋታው በፊት የልብ ምልክቶቹን እዩ። ሙሉ አረንጓዴ ልብ የሌለውን ተጫዋች አስገዳጅ ካልሆነ አታስጀምሩ። በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ 9 ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ 5ቱን ማስገባት ይቻላል፣ ጨዋታው በመካሄድ ላይ ሳለ ግን በሦስት ጊዜ ብቻ። ስለዚህ አንድ አንድ እያላችሁ አታስገቡ፤ በአራተኛው ጊዜ ሰው ቢጎዳ በ10 ትጨርሳላችሁ። በ60ኛው ደቂቃ አካባቢ ሁለት፣ በ75ኛው ሁለት፣ አንዱን ለጉዳት አቆዩ።

ሜዳው ላይ ምን ማየት እንዳለባችሁ በአንድ ምሳሌ እንመልከት። 30ኛው ደቂቃ ላይ ተቃራኒ በቀኝ መስመሩ፣ ማለትም በእናንተ ግራ በኩል ገብቶ አሻግሮ ጎል አገባ። በ41ኛው ያው መንገድ ተደገመ፣ ኳሷ ብረት መለሳት። ጀማሪው ደንግጦ አሰላለፉን ወደ 5-3-2 ይለውጣል። እዚህ ግን የተበላሸው አንድ ነገር ነው፦ የግራው ተከላካይ ተግባሩ ማጥቃት ስለሆነ ኳስ ስትነጠቅ ቦታው ላይ የለም። ተግባሩን ከማጥቃት ወደ መደገፍ አውርዱት፣ ሌላ ምንም አትንኩ፣ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ቀዳዳው በዚህ ከተደፈነ ታክቲካችሁ ደህና ነበር ማለት ነው።

ቢጫ ያየ ተከላካይ ካላችሁ እሱን መርጣችሁ «ኢዝ ኦፍ ታክልስ» (ሲነጥቅ ረጋ በል) በሉት።

በአንድ ጎል እየመራችሁ 80ኛው ደቂቃ ሲደርስ «ቬሪ ዲፌንሲቭ» አታድርጉ። ጌሙ ከመከላከል እስከ ማጥቃት የሚደረደር ሰባት የአጨዋወት መንፈስ አለው፤ የመጨረሻው ታች ሲመረጥ ቡድኑ በሙሉ ወደ ራሱ ሳጥን ይሰበሰባል፣ የጸዳች ኳስ የሚቀበል ሰው ፊት አይኖርም፣ የተመታችው ሁሉ ተመልሳ ትመጣለች። አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ በሉ፤ ከ«ፖዚቲቭ» ወደ «ባላንስድ»፣ ከ«ባላንስድ» ወደ «ኮሺየስ»።

ገንዘቡ

በክረምቱ መስኮት ዝውውር ስላልነበረ የመጀመሪያው ግዢ ጃንዋሪ ላይ ይመጣል። አንድ ተጫዋች፣ ቢበዛ ሁለት፤ ያውም በ20 ጨዋታ ውስጥ ጉድለቱን በዓይናችሁ ላያችሁበት ቦታ ብቻ።

የዝውውር በጀትና የደመወዝ በጀት ሁለት የተለያዩ ከረጢቶች መሆናቸውን አትርሱ። ነጻ ተጫዋች ነጻ የሚባለው ለክለብ ስለማይከፈል ብቻ ነው። በሳምንት 10,000 ፓውንድ የሚጠይቅ ሰው በዓመት 520,000፣ በሦስት ዓመት ውል 1,560,000 ፓውንድ ነው፤ የፊርማና የወኪል ክፍያ ሳይጨመር። ውል ስትደራደሩ ደግሞ ለተጫዋቹ የምትሰጡት የደረጃ ቃል አለ፦ ቁልፍ ተጫዋች፣ ቋሚ ተሰላፊ፣ ተቀያሪ እያለ ይወርዳል። ተጫዋቹን ለማሳመን ሲባል ከፍ ያለ ደረጃ መስጠት ያጓጓል። ቃሉ ካልተጠበቀ ግን ልጁ ቢሯችሁን ያንኳኳል፤ በቡድኑ የተከበረ ተጫዋች ከሆነ ጓደኞቹም ከጎኑ ይቆማሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚበላሸው የመላው ቡድን መንፈስ ነው።

ውል ማደስን ለዳይሬክተሩ ብትሰጡም ዲሴምበር 1 ላይ አንድ ጊዜ ስኳዱን (የተጫዋቾቹን ዝርዝር) በውል ማብቂያ ቀን ደርድሩት። ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች ከጃንዋሪ ጀምሮ ከሌላ አገር ክለብ ጋር በነጻ ሊፈራርም ይችላል። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ቋሚ ተሰላፊያችሁ ካለ የዚያን ቀን ሥራችሁ እሱ ብቻ ነው።

ሽንፈት ሲደራረብ

በዚህ ቅደም ተከተል መርምሩ፤ ቅደም ተከተሉ አስፈላጊ ነው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ስለሚሄድ።

መጀመሪያ ከማን ጋር ተጫወታችሁ? አራቱ ሽንፈቶች ከላይ ከተቀመጡት አምስት ክለቦች ጋር ከሆኑ ችግር ላይኖር ይችላል። ቀጥሎ የድካም ልቦቹ፣ ከዚያ የተጫዋቾቹ መንፈስ። መንፈሱ የወደቀ ቡድን ጥሩ ታክቲክም ይዞ ይሸነፋል፤ የሚነሳው በድልና በምስጋና ነው፣ በልምምድ ላይ ጥሩ የሠሩትን ማመስገን ከኪስ የሚወጣ ገንዘብ የለውም። በአራተኛ ደረጃ የሚጠበቁ ጎሎችን ቁጥር፣ ማለትም ከፈጠራችኋቸው ዕድሎች ስንት ጎል ይጠበቅ እንደነበር የሚገምተውን፣ ኤክስ ጂ የሚባለውን እዩ። በአራት ጨዋታ በየጨዋታው 1.8 አካባቢ ፈጥራችሁ ካላገባችሁ ታክቲኩ እየሠራ ነው፤ የጎደለው ጨራሽ ነው፣ አጥቂውን አሳርፉት። ቁጥሩ 0.5 አካባቢ ከሆነ ግን ኳስ ወደ ሳጥን እየደረሰች አይደለም። ያን ጊዜ ብቻ ታክቲኩን ክፈቱ፤ አንድ ነገር ለውጡ፣ ሦስት ጨዋታ ጠብቁ። ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ቢያሸንፍም ምን እንዳዳነው አያውቅም።

ሥራዎቹን መልሶ መረከብ

ከአሥረኛው ጨዋታ በኋላ የመልበሻ ክፍሉን ንግግር ተረከቡ፤ ውጤቱ ወዲያው በተጫዋቾቹ ስሜት ላይ ስለሚታይ ቶሎ ያስተምራል። ከጃንዋሪ በኋላ የዋናውን ቡድን ውል። በሁለተኛው ሲዝን መጀመሪያ የተጫዋቾችን የግል ልምምድ፣ ቀጥሎ ማዕዘንና ቅጣት ምት። ስካውቲንግ መጋረጃው በተመለሰበት ሁለተኛ ካሪየር ይምጣ። ዕለታዊ የልምምድ መርሐ ግብሩ የመጨረሻው ይሁን፤ በቀን እስከ ሦስት ክፍለ ጊዜ ያለው ሰሌዳ ነው፣ ጥሩ ረዳት ካላችሁ እስከ መጨረሻውም ከእጁ ባትወስዱት ምንም አይቀርባችሁም። ጋዜጣዊ መግለጫም እንደዚያው።

ለታናሽ ወንድም፣ ለእህት ወይም ለጓደኛ የምታስተምሩ ከሆነ ደግሞ ከባዶ አታስጀምሯቸው። እናንተ ከደረጃ 1 እስከ 6 ያለውን ጨርሳችሁ የሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታ ዋዜማ ላይ ሴቭ አድርጉና ያንን ፋይል ስጧቸው። በመጀመሪያው ቀን 11 መምረጥና መጫወት ብቻ ይሁን። ማውሱን አትንጠቁ፤ ተሸንፈው «ለምን?» ብለው ሲጠይቁ የጎሉን ድጋሚ ምስል አብራችሁ እዩ።

ፋይሉን ስለማዳን

በ«ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ጌሙ በራሱ ሴቭ የሚያደርግበትን አውቶሴቭ በየሳምንቱ፣ «ሮሊንግ» በሚለው ሦስት ፋይል እንዲያፈራርቅ አድርጉት። አንድ ፋይል ላይ ብቻ ሴቭ የሚያደርግ ሰው፣ ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ መብራት ከጠፋ፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ከሆነ ሙሉውን ካሪየር ሊያጣ ይችላል፤ በግማሽ የተጻፈ ፋይል አይከፈትም። ሦስት ከሆኑ የሚጠፋው አንድ ሳምንት ነው። ከዚህ በተጨማሪ በእያንዳንዱ የዝውውር መስኮት መግቢያ ላይ በእጃችሁ በሌላ ስም አንድ ቅጂ አስቀምጡ፤ ቅጂውን ፍላሽ ላይ ብትገለብጡት ደግሞ የበለጠ ይታመናል።